ከእናቴ የወረስኩት ኦሲዲ፦ ደጋግሞ መፈተሽን እንዴት ተውኩ

ኦሲዲ፣ ማለትም የማይፈለግ ሐሳብ እየተመላለሰ አንድን ነገር ደጋግሞ እንዲያደርጉ የሚያስገድድ የአእምሮ ሕመም፣ እንዳለብኝ ሐኪሟ ስትነግረኝ መጀመሪያ የጠየቅኳት "ለልጆቼ ይተላለፋል ወይ?" ብዬ ነው። እናቴም እንዲሁ ናትና። በር ቆልፋ እጀታውን ትስባለች፤ ጥቂት ሄድ ትልና ተመልሳ ደግማ ትስባለች፤ ከዚያ "ቆልፌዋለሁ አይደል?" ትለኛለች። እኔ ላይ ደግሞ በምድጃው ማጥፊያ መጣ።

የቅርብ የሥጋ ዘመዱ የታመመ ሰው በኦሲዲ የመያዝ ዕድሉ ከሌላው አራት እጥፍ ገደማ ነው። በአዋቂ መንትዮች ላይ የተሠሩ ጥናቶችም የዘርን ድርሻ ከ27 እስከ 47 በመቶ ያደርሱታል። ግን ብቻውን በሽታውን የሚያመጣ ዘረመል የለም፤ አብዛኛው የታማሚ ልጅም ሳይታመም ነው የሚያድገው። ይህን ስሰማ እፎይ አልኩ።

በጣም የነካኝ ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 ቼምበርሌንና ባልደረቦቹ ባወጡት ጥናት፣ ራሳቸው ያልታመሙ የታማሚ የቅርብ ዘመዶችም የጀመሩትን እንቅስቃሴ ቶሎ መግታትና ከለመዱት ሕግ ወደ ሌላ መሻገር ከብዷቸዋል። የእናቴ መመላለስ ግትርነት ወይም የእምነት ማነስ ነው ሲባል ነው የኖረው። አይደለም! የአእምሮ ፍሬን ጉዳይ ነው።

የማስታወስ ችሎታዬም ደካማ ይመስለኝ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2003 ቫን ደን ሁትና ኪንት ጤነኛ ሰዎችን በኮምፒውተር ላይ የጋዝ ምድጃ ደጋግመው እንዲፈትሹ አደረጉ። የሚያስታውሱት ነገር ያን ያህል አልተሳሳተም፤ ትዝታው ግን ደበዘዘባቸው፣ በራሳቸው ላይ ያላቸው እምነትም ወረደ። ጥርጣሬን የሚወልደው ራሱ መፈተሹ ነው ማለት ነው።

ስለዚህ ከሥነ ልቦና ባለሙያ ጋር ከቀላሉ ጀመርን። መጀመሪያ መብራት፣ ቀጥሎ በር፣ መጨረሻ ላይ ምድጃው። ማጥፊያውን አንዴ አዙሬ፣ እጄን አንስቼ፣ ወደ ኋላ ሳልመለከት መውጣት። ደረቴ ይጨንቃል፣ እጄ ያልበኛል። ጭንቀቱ ግን ምንም ሳላደርግለት ይወጣና ይወርዳል። ፎቶ አንስቶ መውጣትም መፈተሽ ነው፤ እሱንም ተውኩ።

እናቴን አስቀድሜ አስፈቀድኳት። አሁን "ቆልፌዋለሁ አይደል?" ስትለኝ "እማዬ፣ ጥርጣሬው ነው የሚጠይቀኝ፤ እንሂድ" እላታለሁ። መልስ መከልከል ጭካኔ ይመስላል፣ እኔም ሆዴ ይባባል፤ ነገር ግን እያረጋገጥንላት የኖርነው ሁላችንም ሕመሙን ስናበላው ነበር። ሳይስማሙ በድንገት መከልከል ግን ጠብ ብቻ ነው የሚያመጣው።

መድኃኒት የጀመራችሁ፣ ለውጡ እስኪታይ ከ8 እስከ 12 ሳምንት ሊወስድ ይችላልና ሐኪማችሁን ሳታማክሩ አታቋርጡ።