እናቴ ድምፁን አወቀችው

እግዚአብሔር ይመስገን። ይህን ምስክርነት ለመጻፍ ስንት ጊዜ ጀምሬ ትቼዋለሁ። ባለፈው ወር ያ ሰው ማረፉን ስሰማ ግን ዝም ማለት አልቻልኩም።

ስሙን አልጠራም። ብሥራተ ወንጌል ራዲዮ በየካቲት 1955 ከአዲስ አበባ ሥርጭቱን ጀምሮ በነበረባቸው በእነዚያ የመጀመሪያ ዓመታት በአማርኛ ከሚያነቡት አንዱ ነበር።

እኛ ጂንካ ነበርን። አባቴ አንድ ትራንዚስተር ነበረው። ድንጋዩ ሲደክም እናቴ እያወጣች ፀሐይ ላይ ታሰጣዋለች፤ ማታ ትንሽ ይናገርልናል። ያቺን ትንሽ ጉልበት ለዜና አታባክናትም። የምታስቀምጣት ለማታው ጸሎት ነው። እሱ መዝሙረ ዳዊት ያነባል፣ ይጸልያል። እሷ እቤታችን የተቀመጠ እንግዳ ይመስል ፊት ለፊቱ ቁጭ ብላ "አሜን" ትላለች።

በ1959 ድምፁ ጠፋ። ሌላ ሰው ማንበብ ጀመረ። እናቴ "ምነው፣ ታሞ ይሆን?" አለች። ማንን ትጠይቅ? ከዚያን ዕለት ወዲህ ማታ ማታ ለእኛ ስትጸልይ መጨረሻ ላይ "ያን የራዲዮኑን ሰውዬ ባለበት ጠብቅልኝ" ትላለች። ይህን እየሰማሁ ነው ያደግኩት።

ሚያዝያ 1965 ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ሆዴን በስተቀኝ፣ ታች ላይ ያዘኝ። በሁለተኛው ቀን እግሬን መዘርጋት አቃተኝ። ድሬሰሩ ዳሰሰኝና አባቴን ወደ ውጭ ጠራው። "ትርፍ አንጀት ነው፤ ያለ ኦፕራሲዮን አይሆንም" ብሎት ነበር። አርባ ምንጭ በበቅሎ የቀናት መንገድ ነው፤ ለዚያውም ወንዙ ሁሉ ሞልቷል። የቀረው አውሮፕላን ብቻ ነው።

ያኔ አየር መንገዱ ባኮ የሚለው ማረፊያችን ከተማው መሐል ያለ የሣር ሜዳ ነበር። ከብት ይግጥበታል። ዳኮታዋ ስትመጣ ልጆች ሮጠው ከብቱን ያስወጣሉ። ፓይለቱ ነፋሱን እንዲያውቅ እርጥብ ሣር ይነድና ይጨሳል። ያን ቀን ጭሱና ደመናው አንድ ሆኑ። አውሮፕላኑ አንዴ ከላያችን ዞረ፤ ከዚያ ድምፁ ራቀ። ሰዉም ተበተነ። አባቴ አዝሎኝ ወደ ቤት መንገድ ጀመረ።

እናቴ አልተከተለችንም። ሜዳው መሐል ጭቃው ላይ ተንበረከከች። ነጠላዋን ከራሷ አውርዳ ፊቷ ዘረጋችው። ካደግኩ በኋላ ምን ብላ እንደጸለየች ጠይቄያታለሁ። "ቃል ከየት ላምጣ? 'ጌታ ሆይ መልሰው' ነው ያልኩት" አለችኝ።

መለሰው።

ዳኮታ መሬት ላይ ስትቆም አፍንጫዋ ቀና፣ ጅራቷ ዝቅ ያለ ነው። በሩ ከኋላ ስለሆነ ውስጧ ዳገት ነው። ካፒቴኑ ራሱ ያን ዳገት ወርዶ በሩ ላይ ቆመ። "እህቴ፣ አይዞሽ። ልጁን አቀብዪኝ" አለ።

እናቴ አላቀበለችውም። ፈዛ ቀረች። "አንቱ የራዲዮኑ ሰውዬ አይደሉም?"

"ነበርኩ" አለ።

"ስድስት ዓመት ሙሉ ስጸልይልዎት!"

ምንም አልመለሰላትም። ዓይኑ እንባ ሲሞላ አይቻለሁ። ተቀብሎኝ የፖስታ ከረጢት ላይ አስተኛኝ፤ እጁ ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል። እጁን ግንባሬ ላይ አድርጎ ጸለየ። አጭር ነበር፤ ዝናቡ እየመጣ ነው። እናቴ እንደ ድሮው "አሜን" አለች። ማታውኑ አዲስ አበባ ኦፕራሲዮን ተደረግኩ። ሐኪሙ ለእናቴ "እስከ ጠዋት አይደርስም ነበር" ብሏታል። ጠባሳው ዛሬም አለ።

ለምን ራዲዮኑን ትቶ ፓይለት እንደሆነ የሰማሁት አሁን፣ ለቅሶ ቤት ነው። ልጁ ነገረችኝ። የአድማጮችን ደብዳቤ የሚያነበው እሱ ነበር። አንድ አባወራ ሚስቱ ምጥ ጠንቶባት "ጸልዩልን" ብሎ ከሩቅ አገር ጻፈ። ደብዳቤው ሲደርስ ሳምንታት አልፈውታል። እሱም በማይክሮፎን ጸለየላት። ሌላ ደብዳቤ መጣ፤ ሴትዮዋ ያኔውኑ ሞታ ነበር። ያንን ደብዳቤ ኪሱ ይዞ ነው አየር መንገዱ የፓይለት ትምህርት ቤት የተመዘገበው። ጣቢያውን ደርግ በመጋቢት 1969 ሲወርሰው እናቴ አልቅሳለች። እሱ ያኔም ይበር ነበር።

የያኔው ረዳቱም ለቅሶው ላይ ነበሩ፤ አሁን ሽማግሌ ናቸው። ጂንካ ስላቸው አስታወሱ። "ወደ አርባ ምንጭ ዞረን ነበርኮ" አሉኝ። "ደመናው ለአፍታ ገለጥ አለ። ታች ነጭ ነገር አየ። 'ሰው ነው' አለኝ። ነዳጁን አየና 'አንዴ እንሞክር' አለ።"

የእናቴ ነጠላ ነው። አጋጣሚ የሚል ይኖራል። እኔ ደመናውን የገለጠውን አውቀዋለሁ።

ከለቅሶ ቤት ስመለስ ለእናቴ ነገርኳት። 84 ዓመቷ ነው። ምንም አላለችም። ማታ ግን እንደ ልማዷ ጸለየች፤ ሁላችንንም በየስማችን ጠራች። "ያን የራዲዮኑን ሰውዬ" ስትል ቆመች። ትንሽ ቆየች።

"ልጆቹን" ብላ ቀጠለች።