ከጉድጓድ ውሃ ፍሎራይድ ማውጣት፦ እኔ የሠራሁበት መንገድ

ለማስተርስ መመረቂያዬ የመረጥኩት ሥራ ከስምጥ ሸለቆ የጉድጓድ ውሃ ፍሎራይድ ማስወገድ ነበር። ፍሎራይድ ሲበዛ ጥርስ ያበልዛል፤ አካባቢውን የሚያውቅ ሰው የበለዘ ጥርስ አይገርመውም። ሲብስ አጥንትም ይጎዳል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው፤ እዚያ ግን ከዚህ ብዙ እጥፍ ያለበት ጉድጓድ አለ። ውሃው ሶዲየምና ባይካርቦኔት የበዛበት፣ ካልሲየም ያነሰው ነው። ካልሲየም በበቂ ቢኖር ፍሎራይዱን ይዞት ይዘቅጥ ነበር።

ማጣሪያዬ አሉሚኒየም ሃይድሮክሳይድ ነው፤ ፍሎራይዱ ላዩ ላይ ይጣበቃል። አሉሚኒየም ሰልፌት በውሃ አሟሟሁና ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ጠብ ጠብ እያደረግኩ ፒኤቹን (የአሲድነቱን ልክ፤ ቁጥሩ ሲያንስ አሲድነቱ ይጨምራል) 7 አካባቢ አደረስኩት። አጥሚት የመሰለ ነጭ ዝቃጭ ይወጣል። ሰልፌቱ እስኪለቅ ማጠቡ ነው አድካሚው። ከዚያ ማድረቅ፣ መፍጨት፣ መንፋት።

ዋናው ጣጣ ልኬቱ ላይ ነው። መለኪያው ጫፉ ላይ የላንታነም ፍሎራይድ ክሪስታል ያለው ኤሌክትሮድ ሲሆን፣ የሚያየው ነጻ የሆነውን ፍሎራይድ ብቻ ነው። ከማጣሪያው አሉሚኒየም ከሟሟ ፍሎራይዱን አቅፎ ይደብቀዋል። ንባቡ ይወርዳል፣ አንተም ደስ ይልሃል፤ ፍሎራይዱ ግን እዚያው ውሃው ውስጥ ነው። ቲሳብ የሚባለው ማረጋጊያ የሚጨመረው ለዚህ ነው። ፒኤቹን 5 አካባቢ ያቆየዋል፣ አሉሚኒየሙንም ከፍሎራይዱ ያላቅቀዋል። አሉሚኒየሙን ለብቻው ለካሁት፤ አንዱን አውጥቶ ሌላውን ማጠጣት ምን ዋጋ አለው? ናሙና ደግሞ በፕላስቲክ ይያዝ፤ ፍሎራይድና ብርጭቆ አይስማሙም።

ሌላ ነገር በሌለበት ንጹሕ የላቦራቶሪ ውሃ ላይ ሶዲየም ፍሎራይድ ጨምረህ ስትሞክር ማጣሪያው ጀግና ነው። የጉድጓዱ ውሃ ሲመጣ ነው ጉዱ። ፒኤቹ ከፍ ያለ ነው፣ ባይካርቦኔቱም ማጣሪያው ላይ የፍሎራይዱን ቦታ ይሻማል። ስለዚህ «በግራም ይህን ያህል ያዘ» የሚል ጥናት ሳነብ መጀመሪያ የማየው በምን ውሃ እንደተሞከረ ነው። አሲድ ጨምሮ ፒኤች ማውረድ ላብ ውስጥ ይቻላል። ቦኖ ላይ ማን ይጨምራል?

የጠገበውን ማጣሪያ በቀጭን ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ አጥቦ መልሶ መጠቀም ይቻላል። ግን ፍሎራይዱ የትም አልሄደም፤ በትንሽ ውሃ ውስጥ ተጠራቅሞ ይጠብቅሃል። የእኔን የላቦራቶሪው የቆሻሻ በርሜል ቻለው። ለመንደር ማጣሪያ የምትሠሩ ግን መጣያውን ከመጀመሪያው ወጪ ውስጥ አስገቡት።