በኤክስኤምኤል እሴቶች ዙሪያ ያለውን ትርፍ ስፔስ ማጽዳት፦ ከጃቫ ልምምዴ

ሰሞኑን በጃቫ ኤክስኤምኤል (መረጃን በታግ ከፋፍሎ የሚይዝ የጽሑፍ ፋይል) ማንበብ እየተለማመድኩ ነው። ብዙ ጊዜዬን የወሰደው እሴቶቹን የሚከብበው ትርፍ ስፔስ ነው። የደረስኩበትን ላካፍላችሁ።

ፋይሉ ለዓይን እንዲመች በመስመር በመስመር ከተጻፈ፣ በታጎቹ መሃል ያለው ኢንተርና ስፔስ ለዶም ፓርሰር (ፋይሉን በሙሉ አንብቦ እንደ ዛፍ ለሚያዋቅረው) ራሱን የቻለ የጽሑፍ ኖድ፣ ማለትም የዛፉ አንድ ክፍል ነው። ስለዚህ ገትፈርስትቻይልድ ስትሉ ኤለመንት ጠብቃችሁ ባዶ ጽሑፍ ሊመጣላችሁ ይችላል። የኖዱን ዓይነት እያያችሁ ኤለመንት ያልሆነውን ዝለሉት።

እሴቱ ጋ ስንመጣ ነገሩ ይጠነክራል። 42 የሚለው ቁጥር ከታጉ በታች፣ በራሱ መስመር ላይ ተጽፏል እንበል። ገትቴክስትኮንቴንት የሚመልሰው ኢንተር፣ ስፔሶች፣ 42፣ እንደገና ኢንተር ነው። ኢንቲጀር ፓርስኢንት ይህን አይቀበልም፤ ነምበርፎርማትኤክሴፕሽን ይጥላል። ደብል ፓርስደብል ግን ዳርና ዳሩን ራሱ ቆርጦ ያነበዋል። አንዱ ፊልድ ሠርቶ ጎረቤቱ ሲወድቅ መጀመሪያ እዚህ ጋ እዩ።

ለተለመደው ስፔስ፣ ታብና ኢንተር፣ ዳርና ዳሩን የሚቆርጠው ትሪም ይበቃል። በጃቫ 11 የመጣው ስትሪፕ ሌሎች የዩኒኮድ ስፔሶችንም ያውቃል። ሁለቱም የማይነኩት ግን ኖን ብሬኪንግ ስፔስን ነው፤ በዩኒኮድ ቁጥሩ 160 ነው። ከድረ ገጽ ኮፒ የተደረገ ጽሑፍ ውስጥ በብዛት ያጋጥማል። ሲታይ ከተራው ስፔስ አይለይም። በሪፕሌስ ወደ ተራ ስፔስ ቀይሩትና ከዚያ ቁረጡ። እኔ ስጠራጠር እሴቱን በቅንፍ ከብቤ ከነርዝመቱ ፕሪንት አደርገዋለሁ፤ የተደበቀው ሁሉ ይወጣል።

ሳክስ (ፋይሉን በቅደም ተከተል እያነበበ ያገኘውን የሚያሳውቅ ፓርሰር) የምትጠቀሙ ይህችን ልብ በሉ። ካራክተርስ የሚባለው ሜተድ ለአንድ ጽሑፍ ደጋግሞ ሊጠራ ይችላል፤ ጽሑፉን ቆራርጦ ነው የሚሰጣችሁ። እያንዳንዱን ቁራጭ ትሪም ካደረጋችሁት የቃላቱ መሃል ስፔስም አብሮ ሊሄድ ይችላል፤ «ሰማያዊ ቀለም» «ሰማያዊቀለም» ሆኖ ቁጭ ይላል። ስትሪንግቢልደር ውስጥ አጠራቅሙት፤ ኢንድኤለመንት (የኤለመንቱ መዝጊያ) ሲመጣ አንዴ ቁረጡ።

የኤክስፓዝ (ኤክስኤምኤል ውስጥ መፈለጊያ ቋንቋ) ኖርማላይዝ ስፔስ ደግሞ ዳሩን ቆርጦ፣ መሃል ላይ የተደራረበውን ወደ አንድ ስፔስ ያወርዳል። ለስምና ለርዕስ በጣም ወድጄዋለሁ። ግጥም ወይም ኮድ የያዘ ኤለመንት ላይ ግን አልነካካውም፤ እዚያ እያንዳንዱ መስመር ትርጉም አለው። አሁን ጃክስቢ (ኤክስኤምኤልን ወደ ጃቫ ኦብጀክት የሚቀይር መሣሪያ) ላይ ነኝ፤ ኮላፕስድስትሪንግአዳፕተር ይህንኑ ሥራ በአንድ አኖቴሽን ይጨርሰዋል።