ለገና የሚቆይ ፖም

ቅዳሜ ጠዋት ቨርጂኒያ ውስጥ ገበሬዎች ራሳቸው የሚሸጡበት ገበያ ፖም እየመረጥኩ ነበር። ሻጩ ሽማግሌ አንዱን አረንጓዴ አነሱና «ይሄን ዛሬ እንዳትበዪው» አሉኝ። «ቀዝቃዛ ቦታ አስቀምጪው። ገና ሲደርስ ነው የሚጣፍጠው።»

እንዲህ የሚመክር ነጋዴ እንዴት ደስ ይላል!

ለዓይን የሚማርክ ፖም አይደለም። ጎበጥ ያለ ነው፤ በእጀታው ዙሪያ ቆዳው ቡናማና ሸካራ ነው። ቨርጂኒያዎች አልቤማርል ፒፒን ይሉታል። የተገኘው ግን ኒውዮርክ ነው፣ ዛሬ ኩዊንስ ውስጥ በምትገኘው በድሮዋ የኒውታውን መንደር። ለዚህም ነው ኒውታውን ፒፒን የሚባለው። በኋላ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የሆነው ቶማስ ጀፈርሰን ከፈረንሳይ ሲጽፍ፣ «እዚህ እሱን የሚስተካከል ፖም የለም» ብሎ ነበር። ሲለቀም ጠንካራና ኮምጣጣ ነው። ወራት ሲቀመጥ ስታርቹ ወደ ስኳር ይለወጣል፣ ኮምጣጣነቱ ይለዝባል፣ መዓዛውም ይወጣል። ማቀዝቀዣ ባልነበረበት ዘመን በበርሜል ሆኖ በመርከብ እንግሊዝ ድረስ የተጓዘውም ስለሚቆይ ነው።

እኔን የያዘኝ ግን ሌላ ነገር ነው። የፖም ፍሬ ብትዘሩ የሚበቅለው ዛፍ እናቱን አይመስልም። ዝርያው የሚቀጥለው ሰው ቅርንጫፉን ቆርጦ ሌላ ግንድ ላይ ሲያጣብቀው ነው። ከዚያች ከመጀመሪያዋ ዛፍ እስከ እኚህ ሽማግሌ ድረስ፣ ይህን ለማድረግ ያልሰለቸ ሰው በየዘመኑ ነበረ ማለት ነው። ያ ሰው ያጡ ስንት የድሮ ዝርያዎች ጠፍተዋል።

በመከር ወቅት ካገኛችሁት ግዙት። ለፓይም ግሩም ነው።