በምድር ቤት የመርዛማ ጋዝ ጠቋሚ ተከላ፦ ከሥራው የተማርኩት

ጋዝ ጠቋሚ ሊገዛ የተነሣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጨነቀው ስለ መሣሪያው ዓይነትና ስለ ዋጋው ነው። እኔ ጥገናውን የምመራው ሕንፃ ሁለት ምድር ቤት አለው። ላይኛው የመኪና ማቆሚያ ሲሆን፣ ታችኛው የጄኔሬተር፣ የባትሪና የፍሳሽ ፓምፕ ክፍሎች ይገኙበታል። ተከላውን ከዳር እስከ ዳር ስከታተል ጊዜዬን የበሉት ሁለት ጥያቄዎች ናቸው፦ አየሩ ወዴት ይሄዳል? ደወሉ ሲጮህ ማን ይሰማል?

የጀመርነው ጋዞቹን በመለየት ነው። የቤንዚን ሞተር ካርቦን ሞኖክሳይድ ይለቃል፤ የናፍጣ ሞተር ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ ይጨምርበታል፤ ከፍሳሽ ጉድጓድ ደግሞ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ይወጣል። ለአንዱ የተሠራ ሴንሰር በሌላው አይታመንም። ስለዚህ «አንድ ጠቋሚ ለሁሉም ይበቃል» የሚለው ምክር ገና ከመነሻው ወደቀ።

በከፍታው ላይ ብዙ ተከራከርን። ግማሹ ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀላል ስለሆነ ጣሪያ ላይ ይሰቀል አለ፤ ግማሹ ጭስ ወደ ታች ይተኛል አለ። የጋዙ ሞለኪውላዊ ክብደት 28 ነው፤ የአየር አማካይ 29 ገደማ። ከአየር ጋር ይደባለቃል እንጂ ከላይም ከታችም ተለይቶ አይቀመጥም። ሰው በሚተነፍስበት ከፍታ፣ ከወለሉ 1.5 ሜትር አካባቢ ሰቀልነው። ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ግን 34 ስለሆነ ዝቅ ይላል፤ በፓምፕ ክፍሉ ጠቋሚውን ከወለሉ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ አድርገን ተከልነው። «የበሰበሰ እንቁላል ሽታው ይነግረን የለም ወይ?» ያለኝም ነበር። ጋዙ ወደ 100 ፒፒኤም (ከሚሊዮን የአየር ክፍል 100 ክፍል) ሲደርስ የማሽተት ነርቭን ያደነዝዛል፤ ሽታው ጠፋ ብሎ ደስ የሚለው ሰው በጣም የተጋለጠው ሰው ነው።

በተቋራጩ ንድፍ ላይ ጠቋሚዎቹ በእኩል ርቀት ተደርድረዋል፤ ለዓይን ያምራል። አየር ግን ንድፍ አያነብም። በረጅም ዘንግ ጫፍ ላይ ስስ የሶፍት ቁራጭ አስሬ፣ ማራገቢያዎቹ ሲሠሩም ሲቆሙም ምድር ቤቱን ዞርኩ። ከመውረጃው መንገድ ጀርባ ባለው ማእዘን ወረቀቱ ቀጥ ብሎ ተንጠለጠለ፤ ሁለት እርምጃ ፈቀቅ ስል ይርገበገባል። ያ ማእዘን አየር የማይነካው ኪስ ነው፤ በንድፉ ላይ ግን ጠቋሚ አልነበረውም። በአንጻሩ አንዱ ጠቋሚ የታቀደው ንጹሕ አየር ከሚገባበት መስኮት አጠገብ ነበር። እዚያ ቢሰቀል ቀኑን ሙሉ ንጹሕ አየር እየተነፈሰ «ሁሉም ሰላም ነው» ይለን ነበር። ወደ ማእዘኑ አዛወርነው።

ስለ ኬብል ዝርጋታው ብዙ አልልም፤ አንዱን ነገር ግን ማንም እንዳይዘለው። የእኛ ጠቋሚዎች ንባባቸውን የሚልኩት ከ4 እስከ 20 ሚሊአምፒር ባለው ፍሰት ነው። 4 ማለት ዜሮ ጋዝ፣ 20 ማለት የመለኪያው ጣሪያ፣ በእኛ የካርቦን ሞኖክሳይድ ጠቋሚዎች 300 ፒፒኤም ማለት ነው። ዜሮ ጋዝ ዜሮ ፍሰት ያልሆነው በምክንያት ነው፤ ሽቦ ሲበጠስ ፍሰቱ ከ4 በታች ይወርድና ንባቦቹን የሚሰበስበው የመቆጣጠሪያ ሳጥን ብልሽት መኖሩን ያሳውቃል። ርክክብ ከመፈረሜ በፊት የእያንዳንዱን ጠቋሚ አንድ ሽቦ ፈትቼ መልእክቱ መምጣቱን አየሁ። ከዚያ 100 ፒፒኤም የያዘውን የሙከራ ጋዝ በደቂቃ ግማሽ ሊትር እየለቀቅኩ፣ ፍሰቱን የሚለካው መልቲሜትር ቀስ እያለ ወደ 9.33 ሚሊአምፒር (4 ሲደመር የ16 ሲሶ) ሲወጣ ጠበቅሁ። ሳጥኑ ላይም 100 መነበብ አለበት፤ ሁለቱ ካልተስማሙ ችግሩ ያለው ከጠቋሚው ወዲህ፣ በሽቦው ወይም በሳጥኑ ነው።

የማንቂያ ደረጃውን ስንወስን የአሜሪካው ብሔራዊ የሙያ ደህንነትና ጤና ተቋም ለካርቦን ሞኖክሳይድ የሚመክረውን መነሻ አደረግን፦ ለሥራ ቀን በአማካይ 35 ፒፒኤም፣ ለአፍታም ቢሆን የማይታለፈው 200። በ35 ማራገቢያዎቹ ይነሣሉ፤ በ100 ደወሉ ይጮሃል፣ የመኪና መግቢያውም ይዘጋል። ለመጀመሪያው ደረጃ የጥቂት ደቂቃ መዘግየት ሰጠነው፤ አንድ መኪና ጠቋሚው ሥር ሞተሩን ባስነሣ ቁጥር ማራገቢያው እንዳይነሣ። ለሁለተኛው ምንም መዘግየት የለውም።

ሥራ ከጀመረ በኋላ ከባትሪ ክፍሉ በር አጠገብ ያለው ጠቋሚ ሌሊት ሌሊት ካርቦን ሞኖክሳይድ ያነብ ጀመር። መኪና የለም፣ ጄኔሬተሩም ጠፍቷል። አቅራቢው ሴንሰሩን ሊለውጥልን ተነሣ። እኔ ግን ሰዓቱን ከባትሪዎቹ የመሙያ ሰዓት ጋር ሳስተያየው ገጠመ። የእርሳስ-አሲድ ባትሪ ሲሞላ ሃይድሮጅን ይለቃል፤ ብዙ የካርቦን ሞኖክሳይድ ሴንሰሮች ደግሞ ሃይድሮጅንን ከራሳቸው ጋዝ አይለዩም። ንባቡ በስም ቢሳሳትም ከንቱ አልነበረም፤ ክፍሉን ስንከፍት የአየር ማስወጫው ማራገቢያ ተቃጥሎ ቆሟል። ሃይድሮጅን በአየር ውስጥ 4 በመቶ ሲደርስ እሳት ሊይዝ ይችላል። ማራገቢያውን ጠግነን ለክፍሉ የራሱ የሃይድሮጅን ጠቋሚ አስገባንለት።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄ ስመጣ፣ ሌሊት ደወሉን የሚሰሙት ጥበቃዎች ናቸው። በዕድሜ ጠና ያሉትን ጥበቃ «ጋሼ፣ ይህ ቢጮህ ምን ያደርጋሉ?» አልኳቸው። «ድምፅ ማጥፊያውን ተጫን ተብያለሁ፤ ከዚያ ወርጄ አያለሁ» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ ከዚያ ሌላ ያስተማራቸው ሰው አልነበረም። ወርዶ ማየት ደግሞ ሰው የሚገድለው ነገር ነው፤ በፍሳሽ ጉድጓድ አደጋ የወደቀውን ሊያነሣ የገባው ሰው አብሮ ሲቀር ብዙ ጊዜ ታይቷል። ከሳጥኑ አጠገብ በትልልቅ ፊደል አጭር ጽሑፍ ለጠፍን፦ አትውረድ፤ ሰዎችን አስወጣ፤ መኪና አታስገባ፤ ደውል። የሚደወልበትም ቁጥር ከሥሩ አለ። በልምምዱ ቀን ሳልነግራቸው የሙከራ ጋዝ ለቀቅሁ፤ ጋሼ መግቢያው ላይ ቆመው እኔኑ ጭምር አላስገባም አሉኝ።

አሁን በየወሩ ሁሉንም ጠቋሚ በሙከራ ጋዝ ነክተን መንቃቱን እናያለን፤ በየስድስት ወሩ ንባቡን እናስተካክላለን። ቀለም ቀቢና መኪና አጣቢ ሲመጣ የሴንሰሮቹ አፍ ይሸፈናል፤ ሲጨርሱ መሸፈኛውን የሚያነሣው ሰው ስሙን መዝገብ ላይ ይፈርማል። ኤሌክትሮኬሚካል (ጋዙን በኬሚካዊ ምላሽ የሚለይ) ሴንሰር ብዙውን ጊዜ ከሁለት እስከ ሦስት ዓመት ያገለግላል፤ ካርቶን ውስጥ ተቀምጦም ያረጃል። ስለዚህ መለዋወጫ በጅምላ ገዝተን መጋዘን አናስቀምጥም፤ የእያንዳንዱን የተተከለበትን ቀን ሽፋኑ ላይ ጽፈን፣ ዕድሜው ሊያልቅ ጥቂት ወራት ሲቀሩት እናዛለን።