የመርከበኞች ደረቅ ብስኩት፦ እስካሁን የደረስንበት

የእንግሊዝ ባሕር ኃይል በሸራ መርከብ ዘመን ለአንድ መርከበኛ በቀን 1 ፓውንድ፣ ማለትም 454 ግራም ገደማ ብስኩት ይሰፍር ነበር። ግሪንዊች ያለው ብሔራዊ የባሕር ሙዚየም 1784 እ.ኤ.አ. የሚል ቀን የተጻፈበት አንድ ብስኩት አሁንም ይዟል። ምስጢሩ ያው እንደ ድርቆሽ ነው፦ ውኃውን ማስወጣት።

ለ10 ብስኩት 500 ግራም የፉርኖ ዱቄትና 200 ሚሊ ሊትር ውኃ ይበቃል። እርሾ የለም፤ ዘይትም፣ ቅቤም የለም። እጃችን የለመደው ዘይት ጠብ ማድረግ ስለሆነ እዚህ ላይ መጨከን ያስፈልጋል፤ ቅባት የገባበት ሲቆይ ጠረኑ ይበላሻል። ያልተነፋ የስንዴ ዱቄትም በራሱ ዘይት ምክንያት እንዲሁ ነው። ጨው እርጥበት ስለሚስብ ቢቀር ይሻላል።

ሊጡ መጀመሪያ ፍርፋሪ ይመስላል። ውኃ አትጨምሩ፤ እርጥብ ጨርቅ አልብሳችሁ 30 ደቂቃ ስታሳርፉት ይያያዛል። 1 ሳንቲ ሜትር ውፍረት እስኪኖረው ዳምጡና ጎኑ 7.5 ሳንቲ ሜትር በሆነ አራት ማዕዘን ቁረጡት። እያንዳንዱን 16 ቦታ ብሱት፤ ሹካ እስከ ታች ስለማይደርስ ንጹሕ ሚስማር ይሻላል። ቀዳዳው ካልዘለቀ እንፋሎቱ መውጫ አጥቶ ብስኩቱን ይነፋዋል፤ መሐሉም እርጥብ ሆኖ ይቀራል።

በ160 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አንድ ሰዓት ጋግሩ፤ አጋማሽ ላይ ገልብጡት። ከዚያ ወደ 100 ዲግሪ አውርዳችሁ ከ4 እስከ 6 ሰዓት አድርቁት። ከ200 ዲግሪ በላይ የጀመረ ሰው ውጪው ቡናማ፣ ውስጡ እንደ ቆዳ የሚለጠጥ ብስኩት ያገኛል፤ ቶሎ የጠነከረው ቅርፊት ውኃውን አፍኖ ያስቀረዋል።

መድረቁን በቀለም አትፍረዱ፤ መዝኑት። ጥሬውን ከተቆረጠ በኋላ መዝናችሁ 600 ግራም ከሆነ፣ ሲያበቃ ወደ 395 ግራም መውረድ አለበት። ይህ 600 ግራሙ ሊጥ ውስጥ ከገባው ዱቄት ክብደት (429 ግራም ገደማ) ያነሰ ነው፤ ዱቄቱ ራሱ 13 በመቶ ያህል እርጥበት ስላለው ስሌቱ ትክክል ነው።

ሙሉ በሙሉ ሳይቀዘቅዝ ዕቃ ውስጥ አትክደኑት፤ ያልበዋል። ነቀዝ የሚገባው ከምድጃ ከወጣ በኋላ ነው፤ የባሕር ኃይሉ በጆንያ ያከማች ስለነበር ነቀዝ አላጣውም። የሚገጥም ክዳን ያለው ብርጭቆ ማሰሮ ይሻላል። ክረምት ላይ አንዱን ብስኩት አውጥታችሁ መዝኑት፤ 2 ግራም ከጨመረ ሁሉም ለ2 ሰዓት ወደ 100 ዲግሪ ይመለስ።

ስትበሉት በጥርስ አትሞክሩት። በሙቀጫ ሰባብራችሁ ትኩስ ሾርባ ውስጥ ጨምሩትና ለስልሶ እስኪበላ ጠብቁ።