የድሮ ምግብ ናፈቀን ለምትሉ ወንድሞቼ

ወንድሞቼ በተገናኘን ቁጥር የድሮ ምግብ ወሬ ይጀምራሉ፣ የእማዬ እንጀራ፣ የእማዬ ሽሮ፣ ያኔ የነበረው ቅቤ ምናምን፣ እኔ በሆዴ አንዳችሁም እኮ ጭስ ቤት ገብታችሁ አታውቁም እላለሁ። ዛሬ ግን ልጽፈው ነው።

ያደግነው አቃቂ ነው በደርግ ጊዜ፣ አባባ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በሺፍት ይሰራ ነበር። ቤታችን የቀበሌ ቤት፣ በ1967ቱ አዋጅ ትርፍ ቤት ሲወረስ ቀበሌ እጅ ከገቡት ትንንሽ ቤቶች አንዷ፣ ኪራዩ ይሄን ያህል አይባልም ነበር። ቤቱ ርካሽ ነው ግን ስኳሩም ሳሙናውም በኩፖን ነው፣ ቀበሌ ሱቅ ስኳር ገባ ከተባለ ሰፈሩ ሁሉ ዘምቢል ይዞ ይሮጣል፣ ሰልፍ የምንይዘው ደሞ እኛ ልጆቹ ነን።

እንጀራውን በተመለከተ፣ ንጹህ የማኛ እንጀራ የበላን የሚመስላቸው ወንድሞቼ ተሳስተዋል። ጤፉ ሰርገኛ ነው እሱም ማሽላ ወይ በቆሎ ተቀላቅሎበት። እማዬ እህሉን ለቅማ ወፍጮ ቤት ትልካለች፣ ትነፋለች፣ ታቦካለች፣ ሊጡ እስኪደርስ ትጠብቃለች፣ አብሲቱን ትጥላለች፣ ከዛ ገና እሳቱ አለ። ጭራሮ ከተገኘ ጥሩ፣ ካልተገኘ ኩበት ነው፣ ክረምት ላይ ሁሉም እርጥብ ስለሆነ እፍ ስትል ትውልና አይኗ በርበሬ መስሎ ትወጣለች። ምጣዷን በጎመንዘር አሰስ አርጋ መጀመሪያ የምታወጣትን ማሟሻ በርበሬ ቀብታ ለእኔ ትሰጠኛለች፣ አጠገቧ ቁጭ ብዬ እሳት ስለምቆሰቁስ ነው እንጂ በነጻ አደለም። በሳምንት ሁለቴ እንደዚህ ነው። ያ ጣዕም የሷ ጉልበት ነው እኮ፣ ማንም ሂሳብ ያልያዘለት።

ስጋ የበዓል ነው፣ ቅርጫ ከተገባ። ዶሮ ደሞ 12 ብልት ነው የሚወጣው፣ አባባ አለ፣ እንግዳ አለ፣ እኛ አለን፣ እማዬ ብዙ ጊዜ መረቁን አጥቅሳ ጠገብኩ ትላለች። ፓስታ የእሁድ ምግብ ነበር፣ ያውም በእንጀራ! አባባ ፓስታ ብቻውን ምግብ ነው ብሎ አምኖ አያውቅም ነበር።

ከ83 በኋላ ኩፖኑ ቀረ፣ ሱቁ ሞላ፣ ብሩ ጠፋ። በ1985 ዶላር ከ2.07 ወደ 5 ብር ሲሄድ እኛ ዶላር ምን እንደሚመስል አናውቅም፣ ግን ዋጋው ቤታችን ድረስ መጣ። አባባም ከስራ ተቀነሰ። ያኔ ነው እማዬ ለምግብ ቤቶች እንጀራ መጋገር የጀመረችው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ለድካሟ ከፈላት። የኤሌክትሪክ ምጣድ በእቁብ የገዛች ቀን እልል ያለችው የኔ ሰርግ ላይ እንኳን እንደዛ አላለችም (እውነቴን ነው ቅር ብሎኛል)።

አሁን ከኔ ጋር ኮንዶሚንየም ነው የምትኖረው። ጤፍ በኩንታል ከ10 ሺህ ብር በላይ ሆኗል፣ በመሀል እንኳን ሸማቾች ማህበር ለሚረጋው ዘይት ስንሰለፍ የኖርነው ሰዎች በሐምሌ 2016 የብር ምንዛሬ በገበያ ይወሰን ከተባለ ወዲህ ዘይት ስናይ ዋጋውን ሳንጠይቅ ማለፍ ጀምረናል። ልጄ ኢንዶሚ ወይ እርጥብ (ድንች በዳቦ) ካልሆነ አልበላም ይላል፣ እኛ በድህነት የበላነው ሽሮ ደሞ በሸክላ እየተንተከተከ ምግብ ቤት ሲቀርብ ዋጋው ሌላ ነው፣ ይሄ ሁሌ ያስቀኛል።

እንጀራ እገዛለሁ፣ አላፍርም። ጠዋት 12 ሰአት ወጥቼ ማታ ታክሲ ሰልፍ ላይ የማመሽ ሰው መቼ ነው የማቦካው? የምገዛው ከኛ ፊት ለፊት ብሎክ ካለች ሴትዮ ነው፣ ኮሚናሉ (የኮንዶሚንየሙ የጋራ ቤት) ውስጥ ሁለት ምጣድ ጥዳ ለስንት ቤት ትጋግራለች፣ መብራት ሲጠፋ ሊጡ ይበላሽባታል። ከሷ ላይ ዋጋ ልቀንስ ስል እማዬ ትቆጣኛለች። የሰጠኋትን ብር ይዛ ራሷ ወርዳ ትከፍላለች፣ መልሱን ይዛልኝ መጥታ ግን አታውቅም፣ ስለዚ አሁን ዝርዝር ነው የምሰጣት።